ጸበል የተረጨ ኮምፒውተር

የባለቤቴን ኮምፒውተር ያበላሸው ጸበል ነው። ይህን ሌላ አገር ብናገር ሰው ይስቅ ይሆናል። እኛ ሰፈር ግን ማንም አልሳቀም። ጸበሉ ለምን እንደተረጨ ሁሉም ያውቃል፤ ብዙዎቹም እዚያው ነበሩ።

ትንሽ ማሽን ነው። ስክሪኑና ሌላው ነገሩ ሁሉ አንድ ላይ ተጠቃሎ የጀሪካን ያህል ቢሆን ነው። አናቱ ላይ እጅ ገብቶ የሚያንጠለጥልበት ጎድጓዳ አለው። ድሮ ነጭ ነበር ይባላል፤ እኔ ሳውቀው ግን መልኩ እንደ ጧፍ ቢጫ ሆኖ ነው። ባለቤቴ በወጣትነቱ የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት ለሚለኩ የውጭ ሰዎች ሜትር ይይዝ ነበር፤ ኋላ ንድፍ መንደፍም ከእነሱ ተማረ። ሥራቸውን ጨርሰው ሲሄዱ ኮምፒውተሩን ትተውለት ሄዱ። ከዚያ ወዲህ የተሻለ ማሽን ብዙ ጊዜ እጁ ገብቷል። እሱ ግን የዓምዱንና የመስኮቱን ቀጫጭን መስመር ያሰምር የነበረው በዚያው በአሮጌው ነው።

ማሽኑ አንድ ነገር ባልተስማማው ቁጥር «ጢው» ይል ነበር። ድምፁ ሰለቸውና አንድ ቀን ማይክሮፎኑን አፉ አጠገብ ይዞ በራሱ ድምፅ ተካው። «አንቺ፣ አለሽ?» አለበት። ከክፍሉ ሆኖ እኔን የሚጠራኝ እንደዚያ ነበር፤ ሻይ ሲያምረው፣ መነጽሩ ሲጠፋበት፣ አንዳንዴም ለምንም ሳይፈልገኝ። እኔ «አለሁ» ብዬ እሄዳለሁ። የጠራኝ ማሽኑ ሆኖ ስደርስ ቀና ብሎ ሳያየኝ «እኔ አልጠራሁሽም፤ እሱን ጠይቂው» ይለኛል። ከጊዜ በኋላ ማን እንደጠራኝ መለየቱን ተውኩትና ለሁለቱም እመልስ ጀመር።

ድምፁ የነበረበት ስልኩ በጦርነቱ ጊዜ ከቤት ከተወሰዱት ዕቃዎች ጋር ሄዷል። አሮጌውን ኮምፒውተር የፈለገው አልነበረም። ባለቤቴ ከዚያ በኋላም ቪዲዮ መቀረጽ አይወድም ነበር፤ ካሜራ ሲያይ ይወጣል። ስለዚህ እሱ ሲሞት ከድምፁ የቀረልኝ እነዚያ ሁለት ቃላት ብቻ ናቸው። ያሉትም እዚያ ማሽን ውስጥ ነው።

የታመመው እየሠራ ሳለ ነው። መብራት ሄደ፤ ስክሪኑ ጠፋበት። «ደረቴን» ብሎ ተነሣ። በዚያው ወደ ሐኪም ቤት ወሰድነው፤ ከዚያም ወደ ደሴ ተላከ። ከደሴ የተመለሰው ለቀብሩ ነው። ክፍሉን ከዘጋሁት በኋላ አልገባሁበትም፤ የማሽኑም ማብሪያ ከጀርባው እንደተጫነ ቀርቷል። ያን ሁሉ ቀን መብራት አልተመለሰም ነበር።

የተመለሰው በለቅሶው ሰሞን፣ ከሰዓት በኋላ ነው። ወንዶቹ ድንኳን ውስጥ፣ ሴቶቹ ሳሎን ውስጥ ተቀምጠዋል። እኔ ፊቴን ልታጠብ ጓዳ ገብቼ ነበር። አምፖሉ ቦግ አለ፤ ከውጭ አንድ ሰው «መብራት መጣ» ሲል ሰማሁ። ትንሽ ቆይቶ ከተዘጋው ክፍል ደወል የመሰለ ድምፅ ወጣ። ከዚያም ባለቤቴ «አንቺ፣ አለሽ?» አለ።

እኔም «አለሁ፣ መጣሁ» አልኩ።

ምን እንዳደረግሁ የገባኝ እጄን በቀሚሴ እየጠረግሁ ሳሎን ስደርስ ነው። ሴቶቹ ሁሉ ወደ እኔ ያያሉ። አንዷ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጠቅጥቃለች። ማንም አልጮኸም። ቢጮኹ ይሻለኝ ነበር።

እኛ አገር ሙት ሲጠራ አቤት አይባልም። አቤት ያለ ሰው ሙቱን ይከተላል ተብሎ ነው ያደግነው። አስተማሪ ሆኜ ኖሬያለሁ፤ ለልጆች ይህ ሐሰት ነው ብዬም አውቃለሁ። ያን ዕለት ግን እግሬ ከመሬቱ ላይ በደንብ ያረፈ አልመሰለኝም።

የባለቤቴ ታላቅ እህት ተነሡ። ለለቅሶው ከገነተ ማርያም የመጡ ናቸው። እናታቸው ቀድመው ስላረፉ ባለቤቴን አዝለው ያሳደጉት እሳቸው ናቸው፤ እኔም እትዬ ነው የምላቸው። ከአልጋዬ ራስጌ የነበረውን የጸበል ጠርሙስ አንስተው የክፍሉን በር ገፉት። ስክሪኑ በርቷል። ቀደም ሲል በደንብ ሳይዘጋ መጥፋቱን የሚናገረው ማስጠንቀቂያ መሐል ላይ ወጥቷል፤ ባለቤቴ ድምፁን ያሰማው ያ ማስጠንቀቂያ ስለወጣ ነው። እትዬ ይህን አያውቁም፤ እኔም እስካስረዳቸው አልጠበቁም። «በስመ አብ» ብለው ጠርሙሱን በማሽኑ አናት ባለው የአየር መውጫ ላይ ገለበጡት።

ውስጡ ቸስ አለ። ቀጥሎ ሰው በጥርሶቹ መካከል ትንፋሹን ሲስብ እንደሚሰማው ያለ ቀጭን ፉጨት ሆነ። ስክሪኑ ተሸብሽቦ አንድ ነጭ ነጥብ ቀረ። ነጥቡም ወዲያው አልጠፋም።

እትዬ ወደ እኔ ዞሩና «አንቺ ልጅ፣ ምን ብለሽ መለስሽለት?» አሉኝ። አልተቆጡም፤ ባዶውን ጠርሙስ ደረታቸው ላይ ይዘውት ነበር።

ለቅሶው ሲበተን እሳቸው አልሄዱም። እርሻቸውንና ከብቶቻቸውን ለልጆቻቸው ትተው እኔ ዘንድ ቆዩ። ለሙት የመለሰች ሴት ብቻዋን አትተውም። የሚተኙት እኔ ክፍል ነው። ጠዋት ዓይኔን ስገልጥ ከላዬ ቆመው ደረቴ መነሣት መውረዱን ሲያዩ አገኛቸዋለሁ። «ነቃሽ?» ይሉና ምንም እንዳልሆነ ሁሉ እሳት ለማያያዝ ይሄዳሉ። ማሽኑን ላስጠግን እንደሆነ ስነግራቸው ግን አልከለከሉኝም። «እኔ ያደረግሁትን አድርጌያለሁ። ደግሞ ቢመጣም አደርገዋለሁ» ብቻ ነው ያሉት።

መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ወደዚያ ክፍል ጆሮዬን አቀናለሁ። ዝም ነው። አንዳንዴ ከዝምታው በኋላ ከንፈሬ «አለሁ» ለማለት ሲንቀሳቀስ እይዘዋለሁ።

የቤተ ክርስቲያኑን ሞንታርቦና የሰፈሩን ራዲዮ የሚጠግነው ሰው ተማሪዬ ነበር፤ አሁን የልጆች አባት ነው። ማሽኑን በባጃጅ ወሰድኩለት። ዙሪያውን አየውና «ያኔ በሰዋስው የጣሉኝ ቲቸር ዛሬ ደጄ መጡ?» አለኝ።

«እኔ አልጣልኩህም። ራስህ ነህ የወደቅኸው።»

«ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ኮምፒውተር ነው።»

«የኮምፒውተር ቅድመ አያት ይበሉኝ እንጂ።»

መክፈቱ ራሱ አስቸገረው። ሁለቱ ብሎኖች ከማንጠልጠያው ጎድጓዳ በታች ጠልቀው የተቀመጡ ናቸው፤ ያለው ካቻቢቴ ሁሉ አጠረበት። የተሰበረ ጃንጥላ ዘንግ ጫፉን ሞርዶ፣ ደጋግሞ አስተካክሎ፣ በመጨረሻ ፈታቸው። ይህን ሲያደርግ እትዬም አብረውኝ ነበሩ፤ ከበሩ ወደ ውስጥ ግን አልገቡም።

ሽፋኑ ሲነሣ ትልቁን የመስታወት ቱቦ አየሁት። በአንድ በኩል ሰፊ፣ በሌላው በኩል እንደ ጠርሙስ አንገት የጠበበ ነው። እጄን ልሰድ ስል «ያርቁ!» አለኝ። «ይኼ ዕቃ ሞቷል ተብሎ አይታመንም። ከሶኬት ተነቅሎ ሰንብቶም ቢሆን ውስጡ ኃይል ያስቀራል።» ካቻቢቴውን በሽቦ ከብረቱ ጋር አገናኝቶ በቱቦው ጎን ካለችው ጎማ ሥር አሾለከው። ጧ አለ፤ ሰማያዊ ብልጭታም ታየ።

«ይኸው፤ አለ እኮ» አሉ እትዬ ከበሩ።

ጠጋኙ ሳቀና ሳቁን መሐል ላይ ተወው።

ጸበሉ ደርቆ ቦርዱ ላይ ነጭ ቅርፊት ሆኗል። አንዳንዶቹ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙ ትናንሽ ካፓሲተሮች ደግሞ ቀድሞም አርጅተው ውስጣቸው የነበረውን ፈሳሽ አፍስሰዋል። በመበየጃው ሲነካቸው የዓሣ ጠረን ወጣ፤ የጎረቤት ሴት በዚያ ስታልፍ «በዐቢይ ጾም ዓሣ ትጠብሳለህ?» ብላ ጮኸችበት። ለእነዚህ መላ ነበረው። ከተበላሸ ራዲዮና ከአሮጌ ዲኮደር እየነቀለ ተካቸው። ቱቦው ላይ ሲደርስ ግን እጁን አነሣ። አንገቱ ላይ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ አለች።

«ሲግል ቀዝቃዛ ውሃ ነው ያገኘው» አለ። «አየር ገብቶበታል። ይኼ አይበየድም።»

«ውሃ አይደለም» አሉ እትዬ። «ጸበል ነው።»

«እሺ እትዬ፣ ጸበል ነው። የሰነጠቀው ግን ቅዝቃዜው ነው።»

«የሰነጠቀውን እሱ ያውቃል።»

ሃርድ ዲስኩን ለብቻው አውጥቶ በጨርቅ ጠቅልሎ ሰጠኝ። ውሃ አልነካውም። «ድምፁ ያለው እዚህ ውስጥ ነው። ነገር ግን ያለ ማሽኑ አይናገርም፤ እንዲህ ያለ ዲስክ የሚያነብ ሌላ ነገር እኔ ዘንድ የለም» አለኝ። ቤት ወስጄ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እትዬ በጠረጴዛው በኩል ማለፍ ትተው በጓሮ በር ዞረው ይገቡ ነበር።

እንዲህ ያለ ትንሽ ቱቦ ከማንኛውም ቴሌቪዥን አይገኝም። ጠጋኙ ስልክ ሲደውል፣ ሲያስጠይቅ ከርሞ ጋሸና ላይ አንድ ነጋዴ እንዳሉ ነገረኝ፤ ከየመሥሪያ ቤቱ የተጣለ ዕቃ ከወልዲያና ከደሴ እየሰበሰቡ የሚሸጡ። በሚኒባስ ሄድኩ። እትዬ አብረውኝ ሊሄዱ ተነሥተው ነበር፤ መኪናው እንደሚያስታውካቸው ስለማውቅ በግድ አስቀረኋቸው።

ነጋዴው ሽማግሌ ሙስሊም ናቸው። መጋዘናቸው ከባድ መኪና ከሚቆምባቸው ምግብ ቤቶች በስተጀርባ ነው። የምፈልገውን ስነግራቸው ከወንበርና ከበርሜል ክምር ኋላ ወሰዱኝ። እዚያ የእኔው ማሽን ቁጭ ብሏል። በእርግጥ የእኔ አልነበረም፤ ግን ልዩነት አላየሁበትም። ፊቱ ወደ ግድግዳ ዞሯል።

«ለምን አዞሩት?» አልኳቸው።

«ባለቤቴ ናት ያዞረችው። እህል ልትሰፍር ስትገባ የሚያያት ይመስላታል። እኔም ስቄባት ነበር፤ ግን አልመለስኩትም።»

ወደ ደጅ አወጡት። ፀሐይ ሲያርፍበት መስታወቱ ላይ መስመሮች አየሁ፤ ከላይ አንድ ረጅም፣ ከሥሩ የተደረደሩ አጫጭር፣ ጎንና ጎኑ የተዘጋ። ጽሑፍ ያለበት ይመስላል፤ ጠጋ ሲሉት ግን አይነበብም። በነጠላዬ ጠረግሁት።

«አይለቅም» አሉ ነጋዴው። «እኔም ፈግቼዋለሁ። አንዱ ጸሐፊ ዕድሜ ልኩን አንድ ዓይነት ቅጽ ከፍቶበት ተቀምጦ ይሆናል፤ መስታወቱ ያዘው። ምን ያደርግልሻል እታለም?»

ዋሽቼ ማለፍ አቃተኝ። ባለቤቴ እንደሞተ፣ ድምፁ ማሽን ውስጥ እንዳለ፣ ያለዚህ መስታወት እንደማልሰማው ነገርኳቸው። መቁጠሪያቸውን እየቆጠሩ ሰሙኝ።

«አላህ ይዘንለት። እኛ ዘንድ ለሞተ ሰው ዱዓ ይደረግለታል እንጂ አይጠራም።»

«እኔ አልጠራውም። የሚጠራኝ እሱ ነው።»

መቁጠሪያውን አቆሙ። «እሱስ የባሰ ነው» አሉ። ከዚያ ትንሽ ፈገግ ብለው «አብሽሪ፣ ውሰጂው። ለባለቤቴም ዕረፍት ነው» አሉኝ። በዋጋው ብዙ አልተነጋገርንም። በሚኒባሱ ስመለስ ማሽኑን ፊቱን ወደ እኔ አድርጌ ጭኔ ላይ ይዤው ነበር። አንድ ቦታ ላይ ሳላስበው ነጠላዬን ጣል አደረግሁበት።

ያመጣሁት ማሽን ቦርዱ ተቃጥሎ ስለነበር ጠጋኙ ቱቦውን ብቻ፣ አንገቱ ላይ ከተጠመጠመው የሽቦ ጥቅል ጋር፣ አውጥቶ በእኛው ላይ ቀየረው። የሚሞከረው እኛ ቤት፣ ባለቤቴ ይሠራበት በነበረው ጠረጴዛ ላይ እንዲሆን ጠየቅሁት። ከሰዓት በኋላ መጣ። እትዬ ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ተሸፍነው በሩ አጠገብ፣ እኛ ዱካ በምንለው አጭር በርጩማ ላይ ተቀመጡ።

«ቲቸር፣ ሲናገር አንዴ በስልኬ ልቅዳው? ለማስታወሻ ይሆንዎታል።»

«አንተ በሞንታርቦ የወጣውን የመምሬን ሳል እንኳ ቴሌግራም ላይ ለቅቀሃል።»

«እሱ ለሳቅ ነበር።»

«ስልክህን ውጭ አድርገው።»

ወጥቶ መስኮቱ ደፍ ላይ አስቀመጠው። «ራቅ አድርገው» አሉ እትዬ፤ ተመልሶ ራቅ አደረገው። ስለ ቴሌግራም ያልኩት እውነት ነው፤ ግን ሌላም ምክንያት ነበረኝ። ስልክ ውስጥ ከገባ እኔ በፈለግሁ ጊዜ የምጫነው ቁልፍ ይሆናል። እሱ እኔን መጥራቱ ይቀራል።

ማብሪያው ሲጫን ደወሉ ተሰማ፤ ስክሪኑም ቀስ ብሎ በራ። ከብርሃኑ ሥር የዚያ የማናውቀው ጸሐፊ መስመሮች ይታያሉ። ሃርድ ዲስኩ ግን አልዞረም። ጠጋኙ አጥፍቶ አወጣው፤ ብብቱ ሥር አድርጎ አሞቀው፤ ከዚያ በእጁ አንጓ ቆረጥ አድርጎ አዟዟረውና መልሶ ሰካው። አሁን ውስጡ ሲንሾካሾክ ሰማን፤ መጀመሪያ በዝግታ፣ ኋላ በፍጥነት። ማስጠንቀቂያው ወጣ።

«አንቺ፣ አለሽ?»

አፌ ተከፍቶ ነበር። እትዬ ከዱካው መቼ እንደተነሡ አላየሁም፤ ሸካራ እጃቸው አፌ ላይ ነበር። አጥብቀው ያዙኝ። ሌላ እጃቸው ከትከሻዬ በስተኋላ ነው። በመዳፋቸው ውስጥ ተነፈስኩ። ጠጋኙ ወደ መሬት አየ። ማሽኑም ሌላ ምንም አልተናገረም፤ ውስጡ ብቻ ይንሾካሾካል።

እጃቸውን ሳያነሡ፣ በጆሮዬ አጠገብ «ያን ጊዜ ጉንፋን ይዞት ነበር እንዴ?» አሉኝ።

አላስታውስም ነበር። እነዚያን ሁለት ቃላት ስንት ዓመት ሰምቼ የእሱ ድምፅ ብቻ አድርጌ ይዣቸው ነበር። በአፍንጫው የተዘጋ መሆኑን አላወቅሁም። እሳቸው በልጅነቱ በጉንፋኑ ሁሉ ሲያስታምሙት ስለኖሩ ወዲያው ለዩት። እጃቸው ላላ። «ታፍኗል ልጁ» አሉ። ዓይኖቻቸው ስክሪኑ ላይ ነበሩ። ከዚያ ወደ ጠጋኙ ዞረው «ደግሞ ይላል?» ብለው ጠየቁት።

ጠጋኙ አስረዳን። በደንብ ከተዘጋ፣ ቀጥሎ ሲከፈት ማስጠንቀቂያ አይወጣም፤ ስለዚህ ዝም ይላል። የሚጠራው ኃይል በድንገት ተቋርጦበት ሲመለስ ነው። «በድንገት ሲቋረጥ ግን ዲስኩን ይጎዳዋል» አለ። «እንደ ዘፈን ሸክላ ነው፤ መርፌው ሲወድቅ ይጭረዋል። አሁንም ብዙ የሚቆይ አይመስለኝም። አንድ ቀን ይነሣና ሳይናገር ይቀራል። በደንብ ዘግተው ቢያስቀምጡት ይሻላል፣ ቲቸር።»

እሺ አልኩት። ባለቤቴ እንዳሳየኝ ማውሱን ይዤ የመዝጊያውን ትእዛዝ ፈለግሁ። እትዬ ክንዴን ያዙኝ።

«አንቺም አትንቀዪው። እሱም አይዝጋው» አሉ። «እንደበራ ይቆይ።»

ጠጋኙ ተሰናብቶን ሄደ። እኛ ማሽኑን እንደበራ ትተነው ወጣን። እኛ አልነካነውም፤ ማንም ሶኬቱን አልነቀለም። መብራት ግን እንደምታውቁት ነው፤ ይሄዳል፣ ይመጣል።

እትዬ ገነተ ማርያም ደርሰው ይመለሳሉ። ሲመጡ መጀመሪያ የሚጠይቁት ስለ ጤናዬ አይደለም፤ «ሄዶ ነበር?» ነው። «ሄዶ መጥቷል» ካልኳቸው ፊታቸው ይጠቁራል። እሳቸው በሌሉበት እንደሰማሁት ያውቃሉ። መልሼ እንደሆነ ግን አይጠይቁኝም፤ ደረቴን ያያሉ፣ ከዚያ ይቀመጣሉ።

ይህን የምጽፈው በመስኮቱ ብርሃን ነው። መብራት ከጠዋት ጀምሮ የለም። የክፍሉ በር ተከፍቷል፤ ስክሪኑ ጠፍቶ የሌላው ሰው መስመሮች መስታወቱ ላይ ይታያሉ። እትዬ ዱካቸውን ከበሩ አንስተው አጠገቤ አምጥተዋል፤ ጥጥ ይፈትላሉ። ባለፈው ጊዜ ከደወሉ በኋላ ድምፁ እስኪመጣ ድረስ ከወትሮው ረዘም ብሎ ቆይቶ ነበር። ሁለታችንም ልብ ብለናል። ከጎረቤት ራዲዮ በተከፈተ ቁጥር መብራት የመጣ መስሏቸው እንዝርታቸው ይቆማል፤ በባትሪ መሆኑን ሲያውቁ ደግሞ ይቀጥላሉ።